በአመድ ያጠብኳት መኪና

ባለቤቴ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛትን፣ አልጋና ምድጃ ያላትን ነጭ መኪና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮቱ ታስፈልጋለች ብሎ ወሰደብን። አረንጓዴ ቀለም አስቀባትና ከሚስቱ ጋር ላንጋኖ እየሄደ ይዝናናባት ጀመር። ይባስ ብሎ በየእሑዱ የጽዳት ዘመቻ መኪናዋን እንዳጥብ እኔኑ መደበኝ።

«እስክታብረቀርቅ ፈትጊያት» አለኝ።

እኔም ፈተግኳት። ከቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር፣ ጥላሸት የበላው ድስት እንደማጥብ አመድና አሸዋ ቀላቅዬ ያዝኳት። የሱን ፊት የምፈትግ እየመሰለኝ ክንዴ አይደክምም ነበር። እሱ ደግሞ ትጋቴን በስብሰባ ላይ አመሰገነ።

ክረምቱ ሲወጣ አረንጓዴው ሳስቶ ነጩ ብቅ አለ፤ ጎኗም ላይ ባለቤቴ በገዛ እጁ የቀባው ጠማማ ቀይ መስመር። እዚያ ስደርስ አመዱን ትቼ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ሊቀመንበሩ መኪናዋን ስብሰባ ወደተጠራንበት ሜዳ ይዟት መጣ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ቀዩን መስመር አይተው፣ «ይቺ የነእንትና መኪና አይደለችም እንዴ?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞሮ ምን እንዳደረግኳት ጠየቀኝ።

«እስክታብረቀርቅ ፈትጊያት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አልኩት።