የወለላ ዘር

ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ግድም ሲሆነኝ፣ ኮኪት አጠገብ ባለው እርሻችን የሰሊጥ አጨዳ በደረሰበት ሰሞን ትኩሳት ያዘኝ። የወባ መድኃኒት ቢሰጠኝም አልለቅ አለኝ፤ እጅና እግሬ እየከሳ ሆዴ ብቻ በግራ በኩል እያበጠ ሄደ። እናቴ አራስ ስለነበረች ወንድ አያቴ በጭነት መኪና አሳፍረው ሕክምና ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሆዴን ዳብሶ፣ ደሜን አስመርምሮ፣ ካላዛር መሆኑን ነገራቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ በየማለዳው መርፌ ከተወጋሁ እንደምድንም አስረዳቸው። ያኔ ካላዛር ስንቱን የቀን ሠራተኛ እንደጨረሰ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ከሞቱ ይልቅ መርፌውን ፈራሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ሰው ይዞኝ ተወጋሁ። ያን ዕለት ምሽት በአስታማሚዎች ዳስ ውስጥ፣ ለትንኝ የሚጨሰው ኩበት ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ አያቴ ሻይ ያፈሉበትን ፍም በአመድ አዳፍነው ፋኖሱን ወደ እኔ አስጠጉና ስለ ሴት አያታቸው ስለ ወለላ ያወሩልኝ ጀመር። ወለላ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ ሽፍቶች ትከሻዋን በጦር ወጓት። የጦሩ ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ሽንፋ ወንዝ ዳር አስቀምጠው በቢላ አወጡላት፤ እሷ ግን እስኪጨርሱ ድረስ ፍየሎቿን በየስማቸው ጠራች እንጂ አልጮኸችም።

«አንቺም የወለላ ዘር ነሽ» አሉኝ።

በማግስቱ የአያቴን እጅ ይዤ «ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ነጮ» እያልኩ ተወጋሁ። ማንም አልያዘኝም። ከዚያ በኋላም ምሽት ምሽት ወለላን እየሰማሁ፣ ጧት ጧት እሷን እየሆንኩ ቀናቱን ገፋሁ። ሊያልቅልኝ ጥቂት ሲቀረው ግን መርፌው ክፉኛ አመመኝና እሪ ብዬ እስከ ግቢው በር ሮጥኩ። አያቴ ተከትለው መጥተው እጄን ይዘው መለሱኝ፤ እኔ ግን ከዘሩ ሁሉ የጮኽኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አፈርኩ። ድኜ፣ ሆዴ ጎድሎ፣ አድጌ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ እንኳ ሰው ጎበዝ ሲለኝ ያ በር ፊቴ ይደቀናል።

አምና አያቴ ሲያርፉ ለቅሶው ላይ ይህን ለታናሽ እህታቸው ለእማማ አስረበብ አወራኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«የምን ጦር ነው ልጄ? እማ ወለላ እሾህ ሲወጋት እንኳ ጩኸቷ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። ወንድሜ እንዳትፈሪ ብሎ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝና በነጠላዬ ተሸፈንኩ፤ የሚያዩኝ ሴቶች የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ። ለካ በወለላ ወጥቻለሁ። ቢሆንም እነዚያን ማለዳዎች ያሻገረችኝ አያቴ የፈጠሯት ሴት ነበረችና እሷንም ውሸት ናት ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ዘንድሮ ልጄን ለክትባት ይዣት ስሄድ፣ ወረፋ እየጠበቅን፣ የሁለቱንም ወለላዎች ታሪክ አጫወትኳት። የጦሯንም የእሾኋንም ሰምታ ጥቂት አሰበች።

«እኔ የምትጮኸዋን ነው የወደድኳት» አለችኝና እጅጌዋን ሰብስባ ቀድማኝ ገባች።