ከመናገርሽ በፊት ልንገርሽ

ዶክተር ሮሆቦት የባንኮ ጎቲቲ መንደር ልጅ ናት። ዲላ ተምራ ዲላ የቀረች፣ ስትቆጣ ፊቷ የማይደብቅላት፣ እሑድ መዘምራን መካከል ስትቆም ግን ሌላ ሰው የምትመስል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሆስፒታልም መዘምራን ውስጥም ከጎኗ ስለማልጠፋ ሁለቱንም ሮሆቦት አውቃለሁ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ፀጋ የምትባል ሴት ከኢዲዶ መጣች። ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ በሆዷ ያለውን ማሳደግ አልችልም፣ አስወርዱልኝ አለች።

"ተደፍረሽ ነው?" አለቻት ሮሆቦት። ሕጉ ተደፍሬአለሁ ያለችን ሴት በቃሏ ያምናታል። ድህነትን ግን ምክንያት ብሎ አይቀበልም።

"ኧረ የባሌ ነው ዶክተር! በጌታ ፊት እንዴት እዋሻለሁ?"

"እንግዲያው አልችልም እህቴ። ብሠራልሽ እታሰራለሁ።"

ፀጋ አመስግና ወጣች። አመስግና! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሞተር ሳይክል፣ እህቷ ከኋላ ደግፋት፣ ደም እየፈሰሳት ተመለሰች። መንደር ውስጥ ሙያውን የማያውቅ ሰው ላስወርድልሽ ብሎ ነካክቷታል። ሮሆቦት ነፍሷን አተረፈች፤ ማህፀኗን ግን ማትረፍ አልቻለችም።

ኮሪደር ላይ እህቲቱ፣ "ድሮም ልቧን ያማታል፤ የመጨረሻውን ስትወልድ ልትሞትብን ነበር" አለችን። የእናትን ሕይወት ለሚያሰጋ እርግዝና ሕጉ ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ ስለ ልቧ አልጠየቅናትም። ሮሆቦት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ ሮሆቦት አንዲት ሴት አፏን ሳትከፍት ሕጉ የሚፈቅደውን ሁሉ ትነግራታለች። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም፤ "ሴቶችን ውሸት ታስተምራለች" ተባለ። ሽማግሌው ጋሽ ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሮሆቦትን በልጅነቷ መዝሙር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አስጠሯት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

"ልጄ፣ ይሄን ነገር ተይው። አለበለዚያ ከመዘምራን መውረድሽ ነው።"

"ውሸት አላስተማርኩም ጋሼ። እውነቱን የነገረችኝን ሴት ነው ያባረርኩት። ሁለተኛ አላደርገውም።"

እሑድ የመዘምራን ጋውኗን አጥፋ መለሰችላቸው። ስታለቅስ አየኋት።

ሰኞ ጠዋት ዓይኗ እንዳበጠ ሥራ ገባች። አንዲት ወጣት ገብታ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። ሮሆቦት ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

"ቆይ እህቴ። ከመናገርሽ በፊት ሕጉ የሚፈቅደውን ልንገርሽ" አለችና ማዳመጫውን ከአንገቷ አወረደች። "ከዚያ በፊት ግን ልብሽን ልይልሽ።"