ለወንበር ሰው የተሠራ ብረት

አባቴ ከመቻራ ቡና ጭኖ ሲመለስ ከመኪናው ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻው ሞክሮ ሲያቅተው እስከ ሚኤሶ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ ወሰድነው። ፈረንጁ ሐኪም የተሰበረውን የጭኑን አጥንት ራስ አውጥቶ በምትኩ አናቱ ድቡልቡል የሆነ ብረት ተከለለት። አሰበ ተፈሪ ስንመለስ ሰው ሁሉ ብረቱን ሊያይ መጣ፤ ያየው ግን ጠባሳ ብቻ ነበር።

ትእዛዙ ከብረቱ ይከብዳል። ዝቅ ብሎ እንዳይቀመጥ፣ እግሩን እንዳያጣጥፍ፣ አለዚያ ብረቱ ከጉድጓዱ ሾልኮ ይወጣል ተባልን። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚበላውም፣ ጫት የሚቅመውም፣ የሚሰግደውም፣ ለቅሶ የሚቀመጠውም ምንጣፍ ላይ ነው። ያንን ብረት የሠራው ሰው ወንበር ላይ ተወልዶ ወንበር ላይ የሚሞት መሆን አለበት። በጣም ተናደድኩበት።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከፍ ያለ ወንበር አሠራሁለት። ሼኹም "ዲን ገር ነው፤ ተቀምጠህ ስገድ" አሉት። እሱ ግን ጓደኞቹ ከታች፣ እሱ ከላይ ሆኖ መቃሙ አስጠላው፤ ምርቃናውም አልመጣልህ አለው። ያም ሆኖ ብቻውን ገበያ ደርሶ መመለስ ጀምሮ ነበር። መሰላ ከተማ የሚኖረው እጮኛዬ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ አባቴ ራሱን ሲችል ልንጋባ ነበር።

በመሀሉ ቦርደዴ የሚኖረው አጎቴ ሞተ። ለቀስተኛው ሁሉ ምድር ተቀምጧል፤ ለአባቴ ወንበር አመጡለት።

"ወንድሜ አፈር ገብቶ እኔ ወንበር ላይ?" አለና ወርዶ እግሩን አጣጠፈ።

ሊነሳ ሲል ጮኸ። ብረቱ ወጥቶ ነበር።

እንደገና ባቡር፣ እንደገና ሐኪም ቤት። ደክሞኝ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሐኪሙ በአስተርጓሚ ለአባቴ ምርጫ ሰጠው። "ብረቱን ብመልሰው ብቻዎን ይራመዳሉ፤ ምንጣፍ ግን እርም ነው። አውጥቼ ባዶውን ብተወው እግርዎ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ያጥራል፣ ያለ ደጋፊም መነሳት መሄድ የለም።"

አባቴ ሳቀ። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ያውጡት።"

አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልዞረም። "እኔስ?" ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሰው ግን አባቱን እንዴት እንዲህ ይለዋል?

ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንድ ቀን ዝሁርን ሲሰግድ ግንባሩ ምንጣፉን ነካ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። አለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ግን በደስታ ብቻ አልነበረም።

የመሰላው ሰው ትንሽ ታገሰና ሌላ አገባ። አልፈረድኩበትም።

አባቴ ሰላቱን ሲጨርስ "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ" ብሎ እጁን ይዘረጋልኛል። ብብቱ ስር ገብቼ አነሳዋለሁ።