ሆድ የሌለው ጊታር

ትናንት ለቁም ሳጥን ሥራ የሚሆን ጣውላ ልገዛ ጎንደር ውስጥ አንድ መጋዝ ቤት ደጃፍ ስደርስ፣ አዲስ የተገመሰ ዋንዛ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሻጩ «ምን ልስጥሽ?» ቢለኝ ጣውላውን አንሥቼ አሸተትኩት። ልቤ ወዳደግኩበት ቆላ፣ ወደ ሸሕዲ ሄዷል፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኛለሁ፤ አያ ማሩ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይስቁብኛል።

አያ ማሩ የሰፈራችን አናጢ ነበሩ። አልጋ ይሠራሉ፣ በር ይሠራሉ፣ ሲደክማቸው ደግሞ ለራሳቸው መሰንቆ ይጠርባሉ። «አያ ማሩ የሠሩት በር አይናጋም» ይባል ነበር፤ ይህን ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ግን ራሳቸው ነበሩ።

ሹፌር አጎቴ ከሱዳኗ ገላባት የኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶልኝ ሲመለስ የሰሊጥ ጆንያ ወደቀበትና ጊታሩ ደቀቀ። ስብርባሪውን እዚያው ጥሎ አንገቱን፣ ክሮቹንና የክሮቹን ድምፅ የምትቀበለውን ማግኔት ከነሽቦዋ ብቻ አመጣልኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ገና ጊታሩን ሳላይ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን እንደምጫወት ለክፍሉ ሁሉ አውጄ ነበር። ስሜ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። የቀረኝ ሁለት ወር ነው። አንገቱን በነጠላ ጠቅልዬ አያ ማሩ ዘንድ ሮጥኩ።

ስልኬ ላይ ካለ ፎቶ ቅርጹን ካርቶን ላይ ነደፍን። ከዚያ አያ ማሩ መሯቸውን አንስተው ጣውላውን ይቦረቡሩት ጀመር።

«አያ፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁት እኮ ድፍን ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚጮኸው» አልኳቸው።

«መብራት ሲጠፋስ? ሆድ የሌለው ነገር ድምፅ ከየት ያመጣል?»

መብራት ደስ ሲለው በሚጠፋበት አገር ይህን ማን ይረታዋል? ጣውላውን ያዝኩላቸው። ጣውላው እንደ መሰንቆ ሆዱ ተቦርቡሮ፣ በስስ እንጨት ተከድኖ አለቀ። ክሮቹን ወጥረን የመጨረሻዋን ስናጠብቅ «ቋ!» አለና ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ ሲሰማ በሳቅ ሞተ። «እዚያ የጣልኩት ስባሪማ ድፍን ጣውላ ነበር!»

አያ ማሩ ስብራቱን ገልብጠው አዩት። «ጣውላው ነው ክፉ» አሉ።

ሁለተኛውን ድፍን አድርገን፣ በዚያው ሳምንት ከደጋ በወረደ ዋንዛ ሠራነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቀይ ቀለም ስቀባው ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አቅፌው ቀሚሴን አበላሸሁ። በአራተኛው ቀን ያ የግንቦት ሙቀት ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። የወላጆች ቀን አምስት ቀን ቀርቶታል። አለቀስኩ።

አያ ማሩ ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። «እንጨትም እንደ ሳሉግ ነው» አሉ በቀስታ። «ቆላውን ሳይለምድ ሥራ ከሰጠሽው ወባ ይጥለዋል።»

ከዚያ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ መሬት አወረዱት። ጠረጴዛው ወፍራም ዋንዛ ነው። «ይሄ ከደንቢያ አብሮኝ የወረደ ነው፤ ወባውን ከጨረሰ ቆይቷል» ብለው መጋዙን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንቱ ይቁረጡት እንጂ፣ አያ!»

«የኔ እጅ መቦርቦር ለምዷል። አንቺ ቁረጪው።»

ቆረጥኩት! ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ያን የኖረ ጠረጴዛ ጫፉን ገመስኩት። ለማግኔቷና ለሽቦዋ የሚበቃ ጉድጓድ ብቻ ቆፈርኩ። አንድ ጊዜ መሮው ሊያመልጠኝ ሲል አያ ማሩ ትንፋሻቸውን ዋጡ እንጂ እጃቸውን አላስገቡም። ቀለም የምንቀባበት ጊዜ አልነበረንም።

በወላጆች ቀን ሽቦዋን ከትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁና የመጀመሪያዋን ክር መታሁ። ግቢው ሁሉ ተናወጠ! ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም ጮህኩ፤ እየተጫወትኩ እስቅ ነበር። የማውቃት አንዲት ዜማ ናት፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ርእሰ መምህሩ አያ ማሩን አስነሥተው «ይህን የመሰለ ነገር የሠሩልን እኒህ ናቸው» ሲሉ ሰው አጨበጨበ። እንግዲህ ጉራው ሊወርድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አያ ማሩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ሁለት አበላሽቻለሁ» አሉ። «ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ድፍን ነው ብላኝ ነበር። ልክ ነበረች። ያልሰማኋት እኔ ነኝ፤ ይሄን የሠራችውም እሷ ናት።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ እኔ ግን ጊታሩን አቀፍኩት። አንድ ሽማግሌ ሰው በተሰበሰበበት ለልጅ «ልክ ነበረች» ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አያ ማሩ ካረፉ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት በአናጢ ቤቴ አብሮኝ የሚሠራው ታደለ ደንበኛ ፊት «የበሩ ልክ ተሳስቷል» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ «ጣውላው ነው ክፉ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሜትሩን አንሥቼ እንደገና ለካሁ።

«ልክ ነህ ታደለ» አልኩት፣ ደንበኛው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»