ከብቶቼን ለባላንጣዬ የሰጠሁበት ጨዋታ

"ይሄ ዴክ አይደለም፣ የምጽዋት ሳጥን ነው" አለኝ ዶክተሩ፣ ካርዶቼን አንድ በአንድ ገልብጦ ካያቸው በኋላ። ሳልፈቅድለት ነበር ያነሳቸው። ደሜ ፈላ።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወላይታ ሶዶ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው። ጨዋታውን ያስተማረንም እሱ ነው። ካርዶቹ ላይ ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ጦረኛና አውሬ ተስሏል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ ተጽፎበታል። እየገዛንና እየተለዋወጥን ሁላችንም የየራሳችንን ዴክ፣ ማለትም የምንዋጋበትን የካርድ ስብስብ፣ ሠራን። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ አራት ሆነን እንጫወታለን፤ እሱ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ተበላ ከተማ የተወለደች ፋርማሲስትና እኔ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ። ሁላችንም እኩል የሕይወት ነጥብ ይዘን እንጀምራለን። ነጥቡ ያለቀበት ይወጣል፣ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

ዶክተሩ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ትልልቅ ዘንዶዎችን ቶሎ አውጥቶ ከሁሉም ደካማ የሆነውን መምታት። እኔንም በዚያው መንገድ ሊያሠለጥነኝ ቆርጦ ተነስቷል። በቀይ ሳጥን አንድ ሙሉ ዴክ አዘጋጅቶልኝ መጣና፣ ዛሬ ካላሸነፍሽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በዚህ ትጫወቻለሽ፣ አይ ካልሽ ወንበሩን ለሌላ ሰው ትለቂያለሽ አለኝ። የሚተካኝን ሰው ሳይቀር አግኝቶ ነበር። መምህሩ ሳቀና "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ተረተብኝ። እሺም እንቢም አላልኩም። ካርዶቼን ሰብስቤ በወዝኩ።

የኔ ዴክ ማንም በነጻ እንኳ በማይፈልጋቸው ካርዶች የተሠራ ነበር። ኮርማና ጎሽ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ካወጣኋቸው በኋላ ለሌላ ተጫዋች አሳልፌ ልሰጣቸው እችላለሁ። የተቀበለው ሰው ይዋጋባቸዋል፣ እኔን ግን ሊመታባቸው አይችልም። በተዋጉ ቁጥር እኔ አዲስ ካርድ አነሳለሁ። ሌሎቹ ይሄን ሲያነቡ የሚታያቸው ኪሳራ ብቻ ነው። እኔ ግን ያደግኩት ቦምቤ፣ የወላይታ ገጠር ነው። አባቴ ላሞቹን ሁሉ በራሱ ጓሮ አያስርም ነበር፤ አንዷን ጎረቤት ዘንድ፣ ሌላዋን ወንዝ ማዶ በሃራ፣ በወላይታ የከብት አደራ ልማድ፣ ያኖራል። የተቀበለው ሰው ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ በእበቷ እንሰቱን ያለማል፤ ላሟ ግን የአባቴ ናት። የኛን ላም ያሰረ ሰው አባቴ ላይ ክፉ እንዲመጣ አይፈልግም። ይሄን ለዶክተሩ ላስረዳው አልሞከርኩም። ምጽዋት ካለው ምጽዋት ይሁንለት።

ጨዋታው ሲጀመር ትልቁን ኮርማ ለራሱ ለዶክተሩ ሰጠሁት። አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ተቀበለ። ቀጥዬ ሁለት ጎሾች ጨመርኩለት። ለፋርማሲስቷም አንድ ጎሽ ሰጠኋትና በወላይትኛ አመሰገነችኝ። ዶክተሩ ሁሉም በማይሰማው ቋንቋ መመካከር ክልክል ነው አለ። እንዲህ ያለ ሕግ የትኛው ካርድ ላይ እንደተጻፈ ጠየቅኩት። ከፋርማሲስቷም ጋር በዚያው ቋንቋ ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠልኩ።

ዶክተሩ በኮርማዬ መምህሩን ደጋግሞ መታውና አስወጣው። ጎሾቼ ከፊቱ ቆመው ስለሚከላከሉለት የራሱን ተከላካዮች ማውጣት ትቷል፤ የራሱ የሚባሉት ሁለት ዘንዶዎች ብቻ ነበሩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። ፋርማሲስቷ ድምፅዋን አጥፍታ ትንንሽ ጦረኞች ታከማች ነበር። እኔን ደግሞ መምህሩ ከመውጣቱ በፊት ክፉኛ ስለመታኝ የቀረኝ ነጥብ ጥቂት ነው።

ዶክተሩ ወደኔ ዞረ። ሕጉን አስታወስኩት፤ አንድ ተጫዋች ሲወጣ የእሱ የሆኑ ካርዶች ሁሉ፣ ማንም ይያዛቸው፣ አብረውት ይወጣሉ።

"ታስፈራሪኛለሽ?" አለኝ።

"የማንን ከብት እንደያዝክ እየነገርኩህ ነው።"

ሊተወኝ ይችል ነበር። ፊቱን ወደ ፋርማሲስቷ ቢያዞር ምናልባት ያሸንፍም ነበር። ግን ምጽዋት ብሎ የናቀው ዴክ እጁን እንዲይዘው አልተዋጠለትም። ሁለቱን ዘንዶዎች ላከብኝና ነጥቤ አለቀ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ተንጠራርቼ ኮርማዬንና ሁለቱን ጎሾች ከዶክተሩ ፊት፣ አንዱን ጎሽ ከፋርማሲስቷ ፊት አነሳሁ። ያጠቃ ካርድ በጎኑ ይተኛል፣ የባለቤቱ ተራ እስኪመለስም መከላከል አይችልም። ስለዚህ ዶክተሩ ፊት የቀሩት ሁለት የተኙ ዘንዶዎች ነበሩ። ፋርማሲስቷ ጦረኞቿን በሙሉ ላከችበት። የሚያስቆማቸው አልነበረም፣ እሱም ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዶክተሩ ቀዩን ሳጥን ወደኔ ገፋው። አንቺም እኮ አላሸነፍሽም አለ። እውነቱን ነው፣ ያሸነፈችው ፋርማሲስቷ ናት።

"አላሸነፍኩም" አልኩት፤ "ውሉን ግን የገባኸው ብቻህን ነው። እዚህ የምቀመጠው በራሴ ዴክ ነው፤ የምሸነፈውም በራሴ ነው።"

ሳጥኑን መልሼ ገፋሁለት። እንግዲያው ወንበሩን ልቀቂ አለ። ይባስ ብዬ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ፋርማሲስቷ ቀና ሳትል፣ እሱ በሚገባው በአማርኛ፣ እሷ ከተነሳች እኔም እነሳለሁ አለች። ቅድም የተረተብኝ መምህር ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ቀጥሎ ስንጫወት" አለኝ፣ "ኮርማውን ለማን ነው የምትሰጪው?"

ገና አልወሰንኩም አልኩና ካርዶቼን መበወዝ ጀመርኩ። ዶክተሩ ሳጥኑን ቦርሳው ውስጥ ከቶ እጄን ያያል፤ እሱም መልሱን እየጠበቀ ነበር።