የሁለት ሜትር ዲሽ ከጣሪያ ወደ መሬት እንዴት እንደወረደ

ሰውየው ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው። ሰፈሩ ግን «ሁለት ሜትር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ማንም ሳይሆን የገዛ አፉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዲሽ ሲተክል ኖሮ፣ ደንበኛ «ስንት የሚሆነው ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቀው ሌላ መልስ አያውቅም ነበር። «ሁለት ሜትር!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ። እጆቹ ተዘርግተውም ሁለት ሜትር አይሞሉም፤ የጎደለውን በአፉ ይሞላው ነበር።

ያ ዘመን የዲሽ ዘመን ነበር። ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሰሃን ስፋቱ የቤቱን ክብር ይናገራል። ልጅ ለመዳር የሚያስቡ ወላጆች ሳይቀሩ «ለመሆኑ ዲሻቸው ስንት ነው?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ወሬውን የነዛው ራሱ ሁለት ሜትር ስለሆነ ግን ግማሹን መቀነስ ይበጃል።

ዲሽ መትከል የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞራል፤ ሌላው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ይጮኻል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ... ሄደ!» ሁለት ሜትር ሚስቱን ያገኛት እንዲህ ሲጮኽ ነው። እሱ የአባቷ ቤት ጣሪያ ላይ፣ እሷ ከታች መስኮቱ ጋ። ከቀትር ጀምረው ሲጯጯሁ ውለው ድምጿ ሲዘጋ በእጇ ታሳየው ጀመር፤ ጡጫ ከሆነ የለም፣ መዳፏ ከተዘረጋ መጣ ማለት ነው። ስዕሉ ገና ከጅምሩ እንደ መጣና እሱ ግን ሆን ብሎ ሲያጠፋው እንደዋለ የነገራት ከተጋቡ በኋላ ነው።

«አውቅ ነበር» አለችው። «እኔስ መቼ እውነቱን አሳየሁህ? ሁለቴ መጥቶልህ ጡጫ አሳይቼሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ አብረው ዞሩት፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከመስኮት። አንዲት ልጃቸውም ያደገችው በዚህ ጣሪያና በዚያ መስኮት መካከል ነው። አፏን ሳትፈታ «መጣ»ንና «የለም»ን በእጇ ታውቅ ነበር። አድጋ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስትሆን የሰፈሩ ሰው «ታዲያ ምን ልትሆን ኖሯል?» አለ።

ዘመን ሲለወጥ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን በስልኩ ማየት ጀመረ። ሁለት ሜትርን የሚጠራው ቀነሰ። እሱ ግን ከየጣሪያው የሚወርደውን ሁሉ እየለቀመ፣ ግቢው ጥግ ላይ በሠራት የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ያጭቅ ጀመር። የተጣመመ ዲሽ፣ የሞተ ሪሲቨር፣ ቁልፎቹ የረገፉ ሪሞት፣ ከማን ቤት እንደመጣ የማይታወቅ ባለ ሦስት እግር ወንበር። «ለቁም ነገር ይሆናል» ይላል። ሚስቱ «ቁም ነገሩ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ትላለች። ክርክሩ አሥር ዓመት ሞልቶታል።

እንዲህ እያለ ልጅቷ ሥራ አገኘች። ከቤቷ ሳትወጣ፣ በቪዲዮ እየታየች፣ መስማት በተሳናቸው ሕመምተኞችና ሩቅ ባለ ክሊኒክ በሚሠሩ ሐኪሞች መካከል ማስተርጎም ነው። የአንድ ወር ሙከራ አለው። የኢንተርኔት መስመር እነሱ ሰፈር ገና ስላልደረሰ በሳተላይት የሚሠራውን አስገባች። የድርጅቱ ሰዎች መጡና ስፋቷ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነች ዲሽ በሃያ ደቂቃ ሰቅለው ሄዱ። አንድ ጊዜ እንኳ «መጣ?» አላሉም።

ሁለት ሜትር ከታች ሆኖ አንጋጦ አያት።

«ይሄ ምንድን ነው? የስኒ ማስቀመጫ?»

«ኢንተርኔት ነው አባዬ።»

«ኢንተርኔቱን ሰማሁ። ዲሹስ የታል?»

ሁለት ሳምንት የስኒ ማስቀመጫዋ ያለ እንከን ሠራች፤ እሱም ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። በሦስተኛው ሳምንት የከሰዓት ዝናብ ጀመረ። ዝናቡ ጠንከር ሲል ዲሿ ትደነቁራለች። አንድ ቀን ሐኪሙ ለአንዲት አሮጊት «ይሄ የሚቀባ ነው፤ አይዋጥም» ይላሉ። ልጅቷ የመዋጥን ምልክት ለመስጠት እጇን ወደ አፏ ወሰደች። «አይደለም» የሚለው ምልክት ሊከተል ሲል ስዕሉ ደረቀ። አሮጊቷ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዩት ወደ አፍ የሚሄድ እጅ ብቻ ነው። ደግነቱ የቅባቱ ሽታ አስጠላቸውና አልቀመሱትም።

የልጅቷ አለቃ ነገሩን አላረዘመችውም። «ሕመምተኛ ፊት ሁለት ጊዜ ተቋርጦብሻል። ሙከራሽ የሚያበቃው በሚመጣው ዓርብ ነው። እስከዚያ አንድ ጊዜ ከተደገመ አንቀጥርሽም» አለቻት።

ሁለት ሜትር አዘነ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሐዘኑ ሥር አንዲት የምትቁነጠነጥ ደስታ ነበረች። «አላልኩም?» ለማለት ሠላሳ ዓመት የተዘጋጀ ሰው ነዋ።

እሑድ ጠዋት ከጎጆዋ ውስጥ ትልቁን ዲሽ አወጣ፤ ያንኑ ከአማቱ ጣሪያ የወረደውን፣ ሁለት ሜትር ሙሉ። እያለከለከ ጣሪያ ላይ አወጣው፣ የትንሿን ዲሽ ጭንቅላት፣ ሞገዱን የሚቀበለውን፣ ፈትቶ ትልቁ ላይ አሰረው። ሚስቱ እንደ ጥንቱ መስኮቱ ጋ ቆመች። አሁን ስዕል የለም፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የሞገዱን ጥንካሬ የሚናገር ቁጥር ነው።

«ስንት?»

«ዘጠኝ!»

«ዘጠኝማ የስኒ ማስቀመጫዋም ነበረች! አሁንስ?»

«አሥራ ሁለት!»

«አሁን?»

«አሥራ አምስት! ተው አትንካው በቃ፣ ደግሞ እንዳታጠፋው እንደ ልማድህ!»

ሁለት ሜትር ከመሰላሉ ሲወርድ በእውነትም ሁለት ሜትር መስሎ ነበር። «ፍጥነቱስ?» አለ።

«እንደ ትናንቱ ነው» አለች ልጁ።

«እንደ ትናንቱ? ይሄ ሁሉ ዲሽ ተሰቅሎ?»

ደወለ። ያነሳችው የኢንተርኔቱ ድርጅት ሠራተኛ ድምጿ ማር ነው። «አባቴ፣ ፍጥነት የሚወሰነው በያዛችሁት አገልግሎት ነው። ዲሽ ሲሰፋ ፍጥነት አይጨምርም። ዝናብ ሲመጣ ያለው እንዳይጠፋ ነው የሚይዘው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ዲሽ ተክያለሁ።»

«እግዜር ያቆይልን። ግን ትልቅ ዲሽ አጥብቦ ነው የሚያየው። የቆመበት ነገር እንዳይነቃነቅ...»

«ለቀባሪው አረዱት!» ብሎ ዘጋባት።

ሰኞ ንፋስ ተነሣ። ልጅቷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ኮምፒውተሯን ስትፈትሽ አሥራ አምስት የነበረው ሦስት ሆነ፤ ከዚያም ምንም።

«አባዬ ሄደ!... መጣ!... ሄደ!»

ሁለት ሜትር ግቢው መሃል ቆሞ ጥፋተኛ ፈለገ። መጀመሪያ የጎረቤቱን ብየዳ ከሰሰ፤ ጎረቤቱ ግን ለሥራ ሄዷል። ቀጥሎ ወፎቹን ከሰሰ። በመጨረሻ «ሳተላይቷ ራሷ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉ የለ? ያ ጣሪያ ድመት ሲሄድበት የሚንቀጠቀጥ፣ ያንን ሁሉ ዲሽ በምን አቅሙ ይሸከማል?»

«አንተ ዝም ብለህ ላጭ!»

ግን ወጣና መዳፉን የዲሹ ምሰሶ ላይ አሳረፈ። ንፋሱ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው እንደ ተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ምሰሶውም አብሮ። ንቅናቄው ግማሽ ጣት አይሞላም፤ ለትልቁ ዲሽ ግን ብዙ ነው። ትልቅ ዲሽ በረጅም ቱቦ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው፤ የሚያየውን አጥርቶ ያያል፣ እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ግን ከፊቱ የነበረው ይሰወርበታል። ትንሿ በተከፈተ በር እንደምታይ ናት፤ ብትወዛወዝም አትስትም፣ ዝናብ ሲጋርዳት ግን ትታወራለች። ሁለት ሜትር ይህን አያውቅም ነበር ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን በድሮው ዘመን ስዕሉ ሲንዘፈዘፍ ሰው ቴሌቪዥኑን በጥፊ መትቶ ያልፋል። ጥፋቱ የዲሽ ተካዩ ነው ያለ አልነበረም።

ሲወርድ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ጠበቀችው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፣ ቀና ሳትል። «ትልቁ ንፋስ ይፈራል፣ ትንሿ ዝናብ ትፈራለች፤ ዓርብ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትልቁን መሬት ላይ ለምን አትተክለውም?»

ነገሩ እውነት ነበር። ኮምፓሱን ይዞ ግቢውን ዞረ። በበሩ በኩል ዛፉ ይከልላል። በጓሮ በኩል የጎረቤት ግንብ። ወጥ ቤቱ ጋ የራሱ ጣሪያ። ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰማዩ ወለል ብሎ የታየው በአንድ ቦታ፣ ጎጆዋ የቆመችበት ላይ ነው። የሚስቱን ፊት ላለማየት ሰማዩን አየ።

«ሌላ ቦታ የለም?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ያለውን ደስታ ለመደበቅ ቅንጣት ሳትደክም።

«አንቺ ከመጀመሪያውም ታውቂ ነበር።»

«አሥር ዓመት ስለፈልፍ ኖሬ፣ ማወቄ ዛሬ ገባህ?»

ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ ባለ ሦስት እግሩ ወንበር ላይ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ተቀመጠ። እያንዳንዷ ብረት አንድ ጣሪያ ታስታውሰዋለች። ይቺ የመምህሩ ቤት፣ ያቺ የአዋላጇ፣ ይኸኛው ዝናብ እየመታው «ካልጨረስክ አትወርድም» ያለው የዚያ ነጋዴ። ይህን ሁሉ አፍርሶ እዚህ ቦታ ጉድጓድ መቆፈር ማለት፣ ሠላሳ ዓመት የተናገረው ግማሹ ብቻ ልክ እንደነበረ በገዛ አካፋው መመስከር ነው። ሁለት ሜትር! ብሎ ነበር እንጂ፣ በምን ላይ? ብሎ አያውቅም።

ልጁ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እንደ ሕፃንነቷ ጡጫዋን አንሥታ አሳየችው።

ሁለት ሜትር ተነሣ።

በዚያው ቀን ጎጆዋ ፈረሰች። ከዚያ በፊት ግን፣ የልጁ የሥራ ሰዓት ሳይደርስ፣ ትንሿን ዲሽ ለጊዜው ጣሪያው ላይ መለሳት። ማክሰኞ ማለዳ ጉድጓዱን እስከ ጉልበቱ ቆፈረ። እስከ ጉልበቱ ሲባል ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ የሱ ጉልበት ነው። ሚስቱ አይታ «ጨምር» አለችው፤ ጨመረ። ወፍራም የብረት ቱቦ አቆመ፣ በውሃ ልክ አስተካከለ፣ ሲሚንቶና ጠጠር ሞላበት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሲሚንቶ ቁጣም ልመናም አይሰማም። በየሰዓቱ እየሄደ በጥፍሩ ሲነካው ሚስቱ «ሊጥ ነው እንዴ?» ትለዋለች። ልጅቷ በትንሿ ዲሽ እየሠራች፣ እሱ ደመና እየቆጠረ፣ ሦስት ቀን ሰማዩ ታገሠላቸው።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ትልቁን ዲሽ ቱቦው ላይ አሰረ። «ስንት?» «አሥራ አምስት!» በትከሻው ገፋው። «አሁንስ?» «አሥራ አምስት!» በጀርባው ተደግፎ ተንጠለጠለበት። «አሥራ አምስት ነው አልኩህ፤ ውረድ፣ ሰው ያይሃል!»

ከሰዓት ንፋሱ ቀድሞ መጣ፤ ዝናቡ ተከተለ። የፀጉር አስተካካዩ ቴሌቪዥን ጨለመ፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ በር ላይ ወጥቶ ሰማዩን ተሳደበ። በዚያች ሰዓት ልጅቷ ፊት የቀረቡት እነዚያው የቅባቱ አሮጊት ነበሩ፤ ለክትትል ተመልሰው።

ሁለት ሜትር ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ፣ የበሽተኛ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው እጁን ዲሹ ጫፍ ላይ አድርጎ ቆመ። ምንም የሚያደርገው ነገር አልነበረም። በመስኮቱ የልጁ እጆች ሲንቀሳቀሱ ይታዩታል። ግን የሚያያቸው ሰው አለ ወይስ ልጅቷ ለደረቀ ስዕል እያወራች ነው? ይህን ከውጭ ማወቅ አይቻልም። «መጣ?» ብሎ መጮህም አይቻልም፤ ሐኪሙ ይሰሙታል።

ሚስቱ በሌላኛው መስኮት ብቅ አለች። በአፉ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ «አለ?» አላት።

ጡጫዋን አሳየችው።

ዝናቡ ባንገቱ ሲገባ አልተሰማውም። ያኔ ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች፤ አፏን በአንድ እጇ አፍና፣ የሌላኛውን መዳፍ ዘረጋችለት። ልክ እንደ አባቷ ቤት መስኮት።

ማምሻውን ልጅቷ ወጥታ «አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ቀጠሩኝ!» አለች።

«ሁለት ሜትር አላልኩም?»

«ሲሚንቶው ነው» አለች ሚስቱ።

«ዲሹ ነው።»

«ሲሚንቶው።»

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ዲሹን ዞሮ አየ፣ ምሰሶውን ገፍቶ ሞከረ፣ አልነቃነቅ አለው። «ጋሼ፣ እንግዲህ ለኔም ስንት የሚሆነው ይሻለኛል?»

ሁለት ሜትር ደረቱን ነፋ፤ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ አፉንም ከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጆቹን ሰበሰበ።

«መጀመሪያ የምትተክልበትን ልየው» አለ።

ከመስኮቱ ሚስቱ ትሰማ ነበር። መዳፏን ዘረጋችለት፤ መጣ። ወዲያው በሌላኛው እጇ በሩ ሥር ላስቲክ ለብሶ ወደ ተከመረው የጎጆዋ ጓዝ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ወደ መንገዱ አመለከተችው።

ይህኛውን ምልክት ግን ሁለት ሜትር እስከ ዛሬም አልተማረውም።