እንጀራ የተወችው ነፍሰ ጡር

ጅማሬውን የነገሩኝ የጎረቤቴ የዘነቡ አማት ወይዘሮ ጥጉ ናቸው፤ የቀረውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘነቡ ስታረግዝ «እህል ፅንሱን ያወፍርና ምጥ ያከብዳል» የሚል ነገር ከስልኳ ሰምታ እንጀራ ተወች። በሥጋና በእንቁላል ከረመች። ሁዳዴ ሲገባ እነሱንም ተወችና ጎመን ብቻ ቀረላት።

የንስሐ አባቷ መጥተው «ልጄ፣ እርጉዝ ነሽ፤ ወተቱን ጠጪ፣ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት።

«እናቴ እኔን አርግዛ ጾማለች፣ አባ።»

«እናትሽ የጾመችው እንጀራ እየበላች ነው» አልኳት እኔ።

«የእርስዎ ወሬ መቼ ያልቃል፣ እትዬ» ብላ ሳቀች። ከፊቷ የቀረው ጥርስ ብቻ ነበር።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ወድቃ መነሳት አቃታት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ ያለ ወሯ ወለደች።

ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ዘነቡ ተርፋለች፤ አማቷ የአራስ ገንፎ ሲያጎርሷት ትውጣለች።